ምንጩ አፍ ላይ የተተከለው ብረት

የወንዙ ሙቀት ለኪዋ ቴርሞሜትሩን ከውኃው አውጥታ አየችው፤ አሥራ ሰባት ዲግሪ። መልሳ ነከረችው፣ ቆየች፣ አወጣችው። አሥራ ሰባት።

"ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብታፍር?" አለችው። ቴርሞሜትር መስደብ ከጀመረች ሳምንት ሆኗታል።

ዝናብ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው። ወንዙ ቀጥኖ ቀጥኖ ማንም ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገረዋል። መሐሉ ላይ ውኃው ለብ ብሏል፤ እጅ ለመታጠብ ይመቻል፣ ለዓሣ ግን ጭንቅ ነው። ዓሦቹ ሙቀቱን ሸሽተው፣ ከዳገቱ ሥር ቀዝቃዛ ምንጭ ወደ ወንዙ በሚገባባት፣ ከአንድ ክፍል ቤት በማትበልጥ ጥግ ታጭቀዋል። አጥማጆቹም ይህን ለማወቅ አልቸገራቸውም፤ ዛሬ አሥራ አንድ ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ውኃው ሦስት ቀን በተከታታይ ከሃያ ዲግሪ ካለፈ ወንዙ ለአጥማጅ ይዘጋል። ጉዱ ያለው ቴርሞሜትሩ የሚታሰርበት ብረት ላይ ነው፤ የተተከለው እዚያው ምንጩ አፍ ላይ! በወንዙ ሁሉ የቀረ አንድ ቀዝቃዛ ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ዓሦቹ ነፍሳቸውን ሊያተርፉ የተሸሸጉበት ቅዝቃዜ፣ እነሱኑ የሚያስፈጅ ቁጥር ሆኖ በየቀኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው አጥማጅ ሆዷ በእንቁላል የተነፋ ትልቅ ዓሣ አወጣ። ይዟት ፎቶ ተነሣ፣ አገላብጦ ደግሞ ተነሣ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ውኃው ላይ አስተኛት። ትንሽ ቀዘፈችና በጎኗ ዘመም አለች።

"እንለቃቸዋለን እኮ፣ እህቴ። አንድም አንበላም" አላት፣ ፊቷን አይቶ።

"እስቲ የለቀቅካትን ዞር ብለህ እያት።"

"ደክሟት ነው። ተዘግቷል ካልሽ አሁኑኑ እንሄዳለን። ተዘግቷል?"

አልተዘጋም። ከጠዋት ጀምሮ በጎናቸው ተጋድመው ውኃው ይዟቸው የወረዱትን ዓሦች ቆጥራለች፤ ሃያ ስድስት። ሁሉም ትልልቆች፣ ሁሉም ለመጪው ወቅት ዘር የሚተኩ ናቸው።

አለቃዋ ጋ ደወለች። መሐሉ ላይ ሃያ አራት መለካቷን ነገረችው። ብረቱ ካለበት ውጭ የተለካ ቁጥር እንደማይቀበል ነገራት፤ ይህንንም ለአምስተኛ ጊዜ።

"ቦታውን ለማዛወር ቅጹን ከላክንልሽ አራት ቀን ሆነው" አላት። "የለውጡ ምክንያት የሚለውን ሙዪና አዛውሪው። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ምን እንደምትጠብቅ ለእሱ አትነግረውም። ብረቱን የተከሉት አባቷ ናቸው። ከእሷ በፊት ለኪው እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ለለኩበት የተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ሳሎን ውስጥ ከሠርጓ ፎቶ በላይ ተሰቅሏል። ቦታው ስህተት ነበር ብሎ መጻፍ ያን ወረቀት ከግድግዳው ማውረድ ነው። ቅጹ ከነእጥፋቱ፣ ከመዶሻው ጎን ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል። ያኔ ብትሞላው ኖሮ ወንዙ ትናንት በተዘጋ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አባቷ እንደ ልማዳቸው ምሳዋን ይዘው መጡ። ውኃውንም፣ የተደረደሩትንም አጥማጆች አዩ።

"አባባ፣ ለምን እዚህ ተከሉት?"

"ጥላ ነበረው" አሉ፣ ሳይደብቁ። "መሐል መግባት ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ደግሞ ያኔ ወንዙ ሙሉ ነው፤ የትም ብትለኪው አንድ ነበር።"

"አሁን አንድ አይደለም። የሚዛወርበትን ምክንያት ጻፊ ብለውኛል።"

አባቷ ብረቱን ያዝ አድርገው ነቀነቁት።

"ብረቱ ስለላላ ነው ብለሽ ጻፊ።"

"ላልቷል ካልኩማ ሰው ልከው እዚያው ያጠብቁታል።"

አባቷ ምሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዞሩ። አሳዘኗት። ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ በእሳቸውም፣ ይበልጡን በራሷም። አራት ቀን ሙሉ ለአንድ የምስጋና ወረቀት ስትሳሳ ስንቱ አለቀ? ያቺ ሆደ ትልቋ ዓሣ አፏን እየከፈተች እየዘጋች በእግራቸው ሥር አለፈች።

ቅጹን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችውና ጻፈች። ከጀርባቸው እንዳትልከው ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፦

"ብረቱ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በስህተት ምንጩ አፍ ላይ ተተክሏል። ሲለካ የኖረው ምንጩ እንጂ ወንዙ አይደለም።"

አባቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። አንዱን ጫማ አወለቁ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

"ሃያ ሦስት ዓመት ነው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ከጻፍሽው አይቀር በትክክል ጻፊው።"

ሁለቱን ሰርዛ ሦስት አደረገችው፣ ብረቱን ነቅላ ወንዙ መሐል ለመትከልም መዶሻውን አነሣች።