መቀመጫ ላለው ሁሉ

፩

«አልገባም!»

ይህን ያለችው ኢክራም ናት። አምስት ዓመቷ ነው። አንድ እግሯን ባጃጁ ውስጥ አስገብታ፣ ሌላውን መሬት ላይ ተክላ ነው ያለችው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሕፃናት ቃሏን ተቀባበሉት። «አልገባም! አልገባም!» ግማሾቹ ለምን እንደሚሉት ያውቁ ነበር፤ ግማሾቹ ጩኸቱ ጥሟቸው ነው።

አስተማሪያቸው ትርሲት ይህን የሰማችው ከክፍሉ ደጃፍ ላይ ሆና ነው። ፈራች። ደስም አላት። ሁለቱ አብረው ሲመጡባት የቱን ማስቀደም እንዳለባት አላወቀችም።

፪

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩን ከመሃሉ ስለጀመርኩባችሁ አትቆጡ። የሚያስቆጣው ገና ይመጣል፤ ቁጣችሁን ለሱ አቆዩት።

ቦታው ድሬዳዋ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ መዋለ ሕፃናት። ባለቤቷ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚባለውን ቃል ሙቀቱ አቅልጦታል፤ ሽማግሌውም ሹሙም አንተ ነው። ወይዘሮ አስካለ ግን እርስዎ ካልተባሉ ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ እኔም እስከቻልኩ ድረስ እርስዎ እላቸዋለሁ።

፫

ነገሩ የጀመረው ከሕፃናቱ አንዱ፣ ሔመን፣ የወደቀ ቀን ነው።

ሕፃናቱን ጠዋት የሚያመጣቸው፣ ለምሳ ወደየቤታቸው የሚመልሳቸው ሙክታር የሚባል ባለባጃጅ ነው። ኋላ ሦስት ሰው በምትይዝ ባጃጅ ክፍሉን በሙሉ ይጭናል። ኋላ እንደ ማገዶ ተደራርበው፣ ፊት ደግሞ ከግራና ከቀኙ ተለጥፈው። ሙክታር ክፉ ሰው አይደለም። «ባንድ ዙር ጨርስ» ያሉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

መታጠፊያው ላይ ከጥግ የተለጠፈው ሔመን ተስፈንጥሮ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ።

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ ትርሲትን ቢሮ ጠሯት።

«እነዚህ ልጆች ሥርዓት የላቸውም» አሉ። «አጥብቃችሁ ያዙ ሲባሉ አይዙም። ስለ ደንብ አስተምሪያቸው። ስለ መኪና፣ ስለ ምግብም ጨምሪበት።»

«ስለ ደንብ ምን ልበላቸው?»

«መታዘዝ ነዋ! ሌላ ምን አለው?»

፬

ትምህርት፦ ምግብ

«ከመብላታችን በፊት?» አለች ትርሲት።

«እጃችንን እንታጠባለን!»

አሰልፋ ወደ ቧንቧው ወሰደቻቸው። ከፈተችው። ቧንቧው ሳል ሳለና ዝም አለ።

«ሚስ» አለ ናኦል፤ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነው። «ቧንቧው ደንቡን አልተማረም?»

ሮቶው ውኃ እንዲሞላ ወይዘሮ አስካለን ጠየቀች። «እሺ» አሉ። ደግማ ጠየቀች። «እሺ አልኩሽ እኮ።» እሺው ሲቆለል ከሮቶው በላይ ሆነ፤ ሮቶው ግን እንደደረቀ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትርሲት በየጠዋቱ ከቤቷ ጄሪካን ተሸክማ መምጣት ያዘች። መንገድ ላይ ጄሪካኑን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ ስታዛውር አንድ ነገር ታሰባት፦ ልጅ ብቻ የሚጠብቀው ደንብ፣ ስሙ ደንብ አይደለም። ቁጣ ነው።

፭

ትምህርት፦ መኪና

(ከዚህ በታች ያለውን አንድ ቃል ሁለት ጊዜ አንብቡት።)

መቀመጫ።

መቀመጫ።

ወንበሮቹን በባጃጅ ቅርጽ አሰለፈችና ፊታቸው ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች፣ ወንበሩን እየመታች።

«መቀመጫ!»

«ይህስ?» አለች፣ ዞር ብላ የራሷን መታ መታ እያደረገች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ናኦል ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ።

«መቀመጫ ላለው ሁሉ መቀመጫ ይገባዋል። ደንቡ ይኸው ነው። በሰው ጭን ላይ?»

«አልገባም!»

«ከሹፌር ጎን ተለጥፎ?»

«አልገባም!»

«ታዲያ ቦታው ሲሞላ ምን እናደርጋለን?»

«ሁለተኛውን ዙር እንጠብቃለን!»

ጨዋታ ነበር ወይስ አድማ? ትርሲት ራሷ አልለየችውም። በጀሶ የታሰረውን የሔመንን ክንድ እያየች ነበር የምታስተምረው።

፮

እንግዲህ አሁን ኢክራም አንድ እግሯን ባጃጁ ውስጥ አስገብታ ወደቆመችበት ተመለስን።

ወይዘሮ አስካለ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። መጀመሪያ ተቆጡ። ቆይተው ፈገግ አሉ። ፈገግታው ከቁጣው የባሰ ነበር። ቢሮ ገብተው አንድ ፌስታል ከረሜላ ይዘው ተመለሱ።

«የገባ ይወስዳል» አሉ።

ናኦል ገባ። (አትፍረዱበት። እንጆሪ እንጆሪ የሚል ከረሜላ ነው።) አንድ ሌላም ተከተለው። ኢክራም ከረሜላዋን ተቀብላ ኪሷ ከተተችና ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ግቢ እንጂ! ተቀብለሻል እኮ!»

«ከረሜላ ከምሳ በኋላ ነው» አለች ኢክራም። «አሁን ቦታ የለም።»

ሙክታር ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

የዚያ ሁሉ ልጅ ጣት ወደ ክፍሉ ደጃፍ ተቀሰረ። በኩራት ነበር የጠቆሙት።

በዚያ ቀን ሙክታር ተመላልሶ አደረሳቸው። ማንም በማንም ጭን ላይ አልተቀመጠም።

፯

የወላጆች ስብሰባ፣ እንደተባለው

ወይዘሮ አስካለ፦ ልጆቻችሁን ለእኔ የሰጣችሁኝ ጨዋ እንዲሆኑ ነው። ይህች አስተማሪ እንቢታ አስተምራቸዋለች። ዛሬ ባጃጅ፣ ነገ እናንተን።

ፋጡማ (የኢክራም እናት፣ በከፊራ ገበያ አትክልት ሻጭ)፦ እኛስ በሰው ጭን ላይ አይደል እንዴ ያደግነው፣ አቦ! አሁን ልጄ የምትመጣው ዘግይታ ነው። እሷን ቤቴ በር ላይ ስጠብቅ ቲማቲሜን ማን ይሽጥልኝ?

ትርሲት፦ ሔመን እኮ ወድቋል።

ወይዘሮ አስካለ፦ አልያዘም። ቢይዝ አይወድቅም።

የሔመን አባት፦

(አፉን ከፈተ። ዘጋው። ቦታው እንዲታይ ነው የተውኩት።)

ሙክታር (ከበሩ ሥር)፦ አንድ ነገር ልበል። በስፖኪዮ ሳይ የማየው ጭንቅላት ብቻ ነው። በግራ ጭንቅላት፣ በቀኝ ጭንቅላት። መሪው ሲዞር የልጅ ጉልበት ይገታዋል። ሔመን ሲወድቅ አላየሁትም፣ ወላሂ። ያወቅኩት ልጆቹ ሲጮሁ ነው። በቃኝ፤ ከእንግዲህ እንደዚያ አልጭንም።

ወይዘሮ አስካለ፦ አንተ ካልጫንክ የሚጭን ሞልቷል።

፰

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ አስካለ ትርሲትን አስቀሯት።

«ነገ አዲስ ሹፌር ይመጣል። አንቺ ባጃጁ በር ላይ ቆመሽ፣ 'ግቡ፣ ሚስ ናት ያለቻችሁ' ብለሽ ታስገቢያቸዋለሽ። እኔን አይሰሙም፤ አንቺን ይሰማሉ።»

«ባልላቸውስ?»

«ከነገ ወዲያ አትምጪ።»

ትርሲት ቤቷ ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች አዳመጠቻትና፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። አርፈሽ ሥራሽን ያዥ» አለቻት።

እውነት ነው፤ ዝም አይነቅዝም። ይሰብራል እንጂ። ትርሲት ይህን በልቧ አለች። ሽንኩርቱን ተቀብላ መክተፍ ጀመረች። ዓይኗ አነባ፤ የሽንኩርቱን ግን ከሌላው ማን ይለያል?

፱

አሁን እናንተ ትርሲት ናችሁ።

ጄሪካኑን አንሡ። ከባድ ነው፤ እጅ ቀይሩ። በሩ ላይ ዘበኛው ዓይናችሁን ሳያይ ሰላም ይላችኋል፤ ወሬው ደርሶታል ማለት ነው። የልጆቹን እጅ አስታጥቡ። ስለ ሙዝ ልጣጭ አስተምሩ፤ መሬት ላይ እንዳይጣል። ደወሉን ጠብቁ። ሕፃናቱ ሲሰለፉ ኢክራም እጃችሁን ትይዛለች። እጇ ሙዝ ሙዝ ይላል።

ልቀቋት።

ወይም አትልቀቋት።

፲

አዲሱ ሹፌር ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ነው። ሞተሩን አላጠፋም። ወይዘሮ አስካለ ከባጃጁ ጎን ቆመዋል።

«በያቸው» አሉ።

ሕፃናቱ ወደ ትርሲት ቀና አሉ። ያ ሁሉ ዓይን። ከሰልፉ ጫፍ ሔመን በጀሶው ቆሟል። በዚያች ቅጽበት ትርሲት ፍርሃቷን ፈለገችው፤ የነበረበት ቦታ ላይ አጣችው። በምትኩ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ትኩስ፣ እንደ ቀትሩ አሸዋ።

«በያቸው እንጂ!»

«አንቺ ግቢበት» አለች ትርሲት።

አንቺ።

«ምን አልሽኝ?»

«መጀመሪያ አንቺ ግቢ፣ አስካለ። ከጥግ ተለጠፊ። ካልወደቅሽ እነሱ ይከተላሉ።»

፲፩

አስካለ የግቢውን በር በጣቷ ጠቆመች። «ውጪ ከግቢዬ! ሹፌር፣ ልጆቹን ጫን!»

ጎረምሳው ወርዶ አንዱን ልጅ በብብቱ አነሣ። ልጁ፣ «ቦታ የለም! ቦታ የለም!» እያለ ተወራጨ። ናኦል ነበር።

ትርሲት ከባጃጁ ፊት ሄዳ፣ ጎማው ሥር፣ አቧራው ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠች። «ኑ» አላለችም። ኢክራም መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሔመን ጀሶውን በሌላው እጁ ደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ናኦል ከጎረምሳው ብብት ሾልኮ እየሮጠ መጣ። ከዚያ ሁሉም።

ጎረምሳው ተመልሶ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ክላክስ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ከፊቱ ያሉት ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ።

«ንዳ! ይነሣሉ!» አለች አስካለ።

ጎረምሳው መነጽሩን አወለቀ። ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ ልጅ ላይ አልነዳም፣ አቦ» አለ።

ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ትርሲት ሻርፗን ፈትታ በሁለት ልጆች ጭንቅላት ላይ ጣል አደረገችላቸው፤ ለሌሎቹ አልበቃም።

፲፪

በሩ ተከፈተና ፋጡማ ገባች። ዘንቢል ቲማቲም በእጇ፣ ላብ በግንባሯ። ልጇ ዘገየችባትና ገበያዋን ጥላ መጣች። በምሳ ሰዓት እዚህ ግቢ መጥታ አታውቅም፤ ያ ሰዓት የገበያ ሰዓት ነው።

«ጎሽ፣ መጣሽ!» አለች አስካለ። «ትላንት ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ፤ አንቺ አስተዋይ ሴት ነሽ። ልጅሽን አስነሺ። እሷ ከተነሣች ሌሎቹም ይነሣሉ።»

ፋጡማ ልጇን አየች። ኢክራም አንገቷን አቀርቅራ ከእናቷ ጫማ በላይ አላየችም። ፋጡማ ባጃጁን አየች። ጠጋ ብላ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለች፤ የኋላውን ወንበር በስንዝሯ ለካችው። ቀና ብላ መሬት ላይ የተኮለኮሉትን ልጆች ከዳር እስከ ዳር አየች።

«ይህ ሁሉ ልጅ» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህች ላይ?»

«ፋጡማ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አለች አስካለ። «አስነሺያት!»

ፋጡማ ዘንቢሏን አቧራው ላይ አወረደች። ድሪያ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብሰብ አድርጋ ከኢክራም ጎን ቁጭ አለች።