የጆፓ ነዶ

እንግዳን ባዶ ጎጆ ፊት አቁሞ «ገበሬው አሁን ይመጣል» ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር ያልደረሰበት አያውቀውም። እኔ ሉፖ፣ በማይ ዋንግ ጫካ እንግዳ ስመራ ስንት ጫማ የጨረስኩ ሰው፣ ዘንድሮ ደረሰብኝ።

ያን ሰሞን ለመሄድ ልቤ አልፈቀደም ነበር። ሚስቴ ኖሙ አራስ ናት። ሴት ልጅ ወልዳልኝ ገና ስም እንኳ አላወጣንላትም። ደም በዝቶባት ስለነበር ፊቷ ነጥቶ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ምድጃው አጠገብ ተኝታ ነው የተውኳት። ሩዜም ታጭዶ ሊደርቅ ማሳው ላይ ተሰጥቷል። በኛ መንደር ብቻውን ሩዝ የሚወቃ ሰው የለም፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ እየተባባልን በወንፈል ነው የምንወቃው። የኔ ተራ የሚደርሰው ከጉዞው መልስ ነበር።

«ሂድ እንጂ!» አለችኝ ኖሙ። «ቤት ተቀምጠህ ስትነጫነጭ ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል።»

ስትቀልድ ነው። እኔም ስቄ ወጣሁ። ኋላ ግን ያቺ ቃል ጫካ ውስጥ እንደ እሾህ ስትወጋኝ ዋለች።

እንግዶቼ እናትና ልጅ ናቸው፣ ከባንኮክ የመጡ። እናትየው ኩን ኦራታይ (ኩን የአክብሮት መጠሪያ ነው) ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸውን ግን ምንም አያማቸውም። ልጃቸው ፒም ዝምተኛ ናት፤ ቅጠል ሁሉ እያሸተተች ነው የምትሄደው። ምግብ አብሳዩ አጎቴ ኮዴ ነው። ድስቱን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል፣ በደረቅ ቀልዱ ሰው ያስቃል፣ ራሱ ግን አይስቅም።

የመጀመሪያው ቀን ደግ ዋለ። ፏፏቴው ሥር ምሳ በላን፣ በቀርከሃ ውስጥ የተቀቀለውን ሩዝ ኩን ኦራታይ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ወደ ማታ ግን ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቆረ። በአጨዳ ወር ዝናብ ምን ሥራ አለው? አጎቴ ቀና ብሎ አየና፣ «ይሄ ደመና መንገድ ስቶ የመጣ ነው፣ ንገረው ይመለስ» አለኝ። እኔ ሩዜን አሰብኩ። ማሳዬ ከወንዙ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ከዘነበ ነዶው የሚተኛው ውኃ ላይ ነው። አሁን ጫካ ውስጥ ሆኜ ምን ላደርግ? ስልክ እንኳ እዚያ ድንጋይ ነው።

በሁለተኛው ቀን የእህቴ ባል እርሻ ደረስን። በሌላው ዓመት እዚያ የማመጣቸው እንግዶች አብረው ያጭዳሉ፣ ባለቤቶቹ ዱባ ይጠብሱላቸዋል፣ ይሳሳቃሉ። ዘንድሮ ማንም የለም። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ አንድ ውሻ ተነሥቶ አየንና ተመልሶ ተኛ።

«ገበሬ አሳያችኋለሁ ብለህ ውሻ አሳየኸን አይደል?» አሉ ኩን ኦራታይ።

«እሱም ቢሆን ሥራ ላይ አይደለም፤ እንደ ሉፖ ነው» አለ አጎቴ።

ተናደድኩ። ቃል ሰጥተውኝ! ከዚያ ወደ አክስቴ እርሻ ወጣን። እዚያም ባዶ። ማጭዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ግማሹ ማሳ ታጭዶ ግማሹ ቆሟል። ሰው አጨዳውን እመሃል ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። ወደ አጎቴ ዞር ስል ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል። ያኔ ንዴቴ ውስጤ እንዳለ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

በኛ ዘንድ በአጨዳ ወቅት እርሻ የሚለቀቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሞት። ሰው ሲሞት መንደሩ በሙሉ ወደ ሟች ቤት ይሰበሰባል። እስኪቀበር ድረስ ማንም እጁን ነዶ ላይ አያሳርፍም። ካሳረፈ የሩዝ እናት የምንላት የማሳው መንፈስ ደንግጣ ትሸሻለች፣ ጎተራውም ዓመቱን ሙሉ አይሞላም።

«አሮጊቷ ማማ ትሆናለች፣ ዕድሜዋም ሄዷል» አለኝ አጎቴ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ እሷ ትሆናለች» አልኩ።

ሁለታችንም አላመንነውም። አሮጊቷ ማማ ከትናንት በስቲያ ከአሳማ ጋር ስትሯሯጥ አይተናታል። በመንደሩ ውስጥ ነፍሷ በክር የተንጠለጠለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ለእንግዶቹ ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ሆድ ይፍጀው ብዬ መራኋቸው። ስለ ወፍ ሲጠይቁኝ ስለ ወፍ መለስኩ። እራት ቀረበ፣ የኔን ሳህን ወደ አጎቴ ገፋሁት።

በማግስቱ ጠዋት በጆፓ ማሳ በኩል አለፍን። ከጆፓ ጋር ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አንነጋገርም። የሚያርስበት ጎሹ ችግኜን ረግጦብኝ፣ እኔም በንዴት አባቱን ጨምሬ ሰድቤው፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ዛፍ ነው የምናየው። ወንፈል እንኳ ሲደርስ እሱ በኔ በኩል አይመጣም፣ እኔም በሱ አልሄድም። ያን ቀን ግን የተኮሳተረ ፊቱን ለማየት ምን ባልሰጥ! ጆፓም የለም። ነዶው በሙሉ ታጭዶ ማሳው ላይ ተዘርግቷል፣ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታም ላዩ ላይ ይወርዳል።

ወሽመጤ ተቆረጠ። የታጨደ ሩዝ ለዝናብ ትቶ የሚሄድ ገበሬ የለም። ያውም ጆፓ፣ አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ሰው!

«ሸራ አለን እኮ፣ እንሸፍንለት» አለች ፒም። ሮጣ የነዶውን ጫፍ ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቱ ደርቃ ቀረች። ድምፄ እኔን ራሴንም አስደነገጠኝ።

ኩን ኦራታይ መጥተው ፊቴ ቆሙ። «ከትናንት ጀምሮ አልበላህም። ልጄ ላይ ጮህክ። አሁን ትናገራለህ ወይስ ጥርስህን ልንቀል?»

ነገርኳቸው። ስለ እርሻዎቹ፣ ስለ ነዶው፣ ስለ ኖሙ። ስጨርስ ያለቅሱልኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ተቆጡ።

«ይህን ይዘህ ነው እንግዲህ ለኔ ጉልበት ስትል እንደ ኤሊ የምታስጎትተን? ቅደም!»

«ጉልበትዎ…»

«ጉልበቴን እኔ አናግረዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ሰው አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ፣ እሱ ቢያለቅስ አዲስ ነገር አይሆንብኝም። ቅደም አልኩህ!»

ከጆፓ ማሳ እስከ ቤቴ ሁለት ሸንተረር ነው። ዝናቡ እየጠነከረ፣ ጭቃው እያንሸራተተን፣ እኚያ ሴትዮ በዱላቸው እየተንጠላጠሉ አንዴ እንኳ «ዋይ» አላሉም። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

የመጨረሻው ሸንተረር ላይ ስንደርስ ድምፅ ሰማን። ድብ፣ ድብ፣ ድብ። እንጨት በእንጨት ሲመታ ይመስላል። አጎቴ ኮዴ ድስቱን መሬት አስቀመጠ። የሬሳ ሣጥን እየተሠራ ነው ማለቱ ነበር። ከዚያ ሮጥኩ፣ እንግዶቼን ትቼ ሮጥኩ። በሥራ ዘመኔ እንግዳ ትቼ ስሮጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዳገቱን ዞሬ ቁልቁል ሳይ መንደሩ በሙሉ አለ። ያለው ግን በኔ አውድማ፣ በቅጠል ዳሱ ሥር ነው! የእህቴ ባል ነዶ እያነሳ ቀርከሃው ላይ ይወቃል፣ አክስቴ ታራግባለች፣ አሮጊቷ ማማ በትዕዛዝ ሰው ታሰቃያለች፣ የቀሩት የመጨረሻውን እንቅብ ተሸክመው በሩጫ ወደ ጎተራዬ ይወጣሉ። ማሳዬ ላይ አንድ ነዶ አልቀረም። ኖሙ በረንዳው ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ምነው፣ ነብር አባረረህ?» አለችኝ።

ድምፅዋ ተመልሷል! እግሯ ሥር ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሕፃኗም አብራኝ አለቀሰች፣ ኖሙ ሁለታችንንም ስታባብል ቆየች።

ነገሩን ያወራችልኝ እሷ ናት። ደመናው ሲመጣ ማታውን መንደሩ ተሰበሰበ። ሁሉም የራሱን ነዶ ሊያነሳ ሲል አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የሉፖ ማሳ ዝቅተኛ ነው፣ ውኃው መጀመሪያ የሚገባው እሱ ጋ ነው። እሱ የለም፣ ሚስቱ አራስ ናት። አራስ ያለችበት ቤት ሩዝ አይረጥብም። ከሱ እንጀምር» አለ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አልኳት።

በአገጯ ወደ አውድማው አመለከተች። ጆፓ ወገቡን ይዞ፣ ላቡና ዝናቡ ተቀላቅሎበት፣ የኔን ገለባ እየጠረገ ነበር።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። ደስታ ነው እንዳልል ያቃጥላል። ሸራችን በሻንጣችን ነበር፤ ልጅቱ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጮኼ ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ይሄኔ የጆፓ ነዶ ውኃ እየጠጣ ነው። ወርጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ጆፓ፣ በማሳህ አልፌያለሁ። ልንሸፍንልህ እንችል ነበር። ሰው የሞተ መስሎኝ አላስነካ አልኩ።»

ላቡን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ፣ «እኔም ብሆን አላስነካም ነበር» አለ፤ መጥረጊያውንም ጥሎ፣ «ቆመህ ከምታወራኝ ሸራውን አምጣው!» ብሎ ወደ ሸንተረሩ ሮጠ።

መንደሩ በሙሉ ተከተለው። እንግዶቼና አጎቴም በዚህ መሃል ደርሰው ነበርና ፒም ሸራውን ተሸክማ ከሁሉም ቀደመች። ኩን ኦራታይ ከኖሙ ጋር ቀሩ፤ ምድጃውን አነደዱ፣ የነዶ ማድረቂያ መደብ እንዲጠረግ አዘዙ፣ በሰው ቤት እመቤት ሆኑ። እኛ ከማሳው ነዶ እያነሳን፣ ውኃውን እያራገፍን፣ በየጀርባችን ወደየቤቱ ምድጃ አጋዝነው። ከሥር ያለው ረጥቦ ተበላሸ፤ የሚበዛው ግን ተረፈ። ለተበላሸው ከኔ ጎተራ ይሰፈርለታል፣ ይሄ ንግግር አያስፈልገውም።

በመጨረሻው ሸክም ላይ እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ ሸራውን ስንይዝ ተገናኘን።

«ያን ቀን ስለ አባትህ የተናገርኩት…»

«ዝም በልና ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ ይፈሳል።»

በወንፈል ምስጋና የለም። ቀን በቀን ይመለሳል እንጂ አመሰግናለሁ የሚል ሰው የለም፤ ካለም ይሳቅበታል። እኔ ግን አልቻልኩም።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

«ምን አልክ? ጆሮዬ ውኃ ገብቶበታል።»

በደንብ ሰምቶኛል፤ ከንፈሩ ላይ ሳቁን አየሁት። ሰው ሁሉ ሸክሙን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል።

«አመሰግናለሁ!»

«አሁንም አልተሰማኝም፤ ስትሳደብ እንኳ ከዚህ የተሻለ ድምፅ ነበረህ።»

ሦስት ጊዜ አስባለኝ። ሦስተኛውን ሁለት ሸንተረር አልፎ ኖሙ ጆሮ እንዲደርስ ያህል ጮኼ አልኩት።