የዓርብ ቁልፍ

…ሌብነትስ ድሮ ቀረ፣ አገር ቤት ጀሞ ሳይት እስቶር ኪፐር ሳለ ሰው ሲሰርቅ እንኳ ወግ ነበረው፣ ሚስማር በሻሽ ተጠቅልሎ፣ ሲሚንቶ በምሳ ዕቃ፣ አንዱ ቀለም ቀቢማ ነጩን ቀለም በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ምንድነው ሲባል አጥሚት ነው ጨጓራ ስላለብኝ፣ እስቲ ጠጣው ሲባል፣ ጠጥቶ! ወላሂ ጠጥቶ! ሁለት ጉንጭ! ከማሉዲን መኪናው ውስጥ ብቻውን ሳቁ ያመልጠዋል፣ ወዲያው አፉን በእጁ ይይዛል፣ ሰው ቢያየው ምን ይላል፣ ዛሬ የሚሳቅበት ቀን ነው እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ። ለአስር ሰዓት ሃያ ጉዳይ፣ በፈረንጁ። አስር ሰዓት ሲሆን ያቺ ቢሮ የተደረገች ነጭ ትሬይለር ውስጥ ገብቶ የሳይቱ ዋና ኃላፊ ክሬግ ፊት ይቀመጣል፣ ጥያቄዋም አንዲት ናት፣ ትናንት ነግሮታል፣ የእስቶሩ ቁልፍ ካንተ ሌላ ማን እጅ ገብቷል።

አንዲት ጥያቄ። ለዚች ነው ከመኪናው መውረድ ያቃተው።

ክሬግ ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ትናንት ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ካሌንደር አሳየው፣ አራት ቀይ ክብ፣ አራቱም ዓርብ ላይ። የመጀመሪያው ዓርብ ሁለት ትልልቅ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ወፍራሙ መዳብ፣ ሁለተኛው ዓርብ የመዳብ ቧንቧ፣ ሦስተኛው ዓርብ ድሪሎቹ ከነባትሪያቸው፣ ባለፈው ዓርብ ደግሞ የውሃ ማሞቂያ፣ አስራ አንድ ማሞቂያ ከነካርቶኑ! ኧረ አስራ አንድ! ማሞቂያ በሻሽ አይወጣም፣ አጥሚት ነው አይባል ነገር፣ መኪና ይፈልጋል፣ ተሸካሚ ይፈልጋል፣ ወዲያ ማዶ የሚጠብቅ ገዢ ይፈልጋል። ዕቃው ሐሙስ ይገባል አለ ክሬግ፣ ዓርብ በምሳ ሰዓት ከአስራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ባለው ጊዜ ይጠፋል፣ ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፣ አጥሩ አልተቆረጠም፣ ይኼ የውጭ ሌባ አይደለም፣ ምን መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። ካሜራው የፊቱን በር ብቻ ነው የሚያየው፣ የሚያየውም አራቱንም ዓርብ የከማሉዲን ግራጫ ካምሪ ልክ በአስራ ሁለት ተኩል ስትወጣ ነው። ሱብሐነላህ። ሰው እንዲህ አድርጎ ነው የሚያዘው ለካ፣ በገዛ ሰዓት አክባሪነቱ።

ጁምዓ ነዋ። ከሳይቱ፣ ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ሴንት ፖል መስጊዱ ድረስ ሃያ ደቂቃ፣ የኢማሙ ኹጥባ፣ ሶላቱ፣ ሰላምታው፣ መልስ። ክሬግ ራሱ ፈቅዶለታል፣ ምሳ ሰዓቱን አራዝሞለት። ክሬግ የማያውቀው ቁልፉን ነው። ደንቡ ቁልፉ ሲወጣ ትሬይለሩ ውስጥ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባና ይፈረምበት ይላል፣ ከማሉዲን ግን አንድም ቀን አልፈረመም፣ ምን ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ጀሞ እኮ እንዲሁ ነበር፣ ዓርብ የእስላሙን ቁልፍ ክርስቲያኑ ይይዛል፣ የጥምቀት ለት የክርስቲያኑን እስላሙ ይይዛል፣ አደራ ወንድሜ፣ በቃ፣ አደራ ከተባለ ወዲያ ወረቀት ማውጣት ሰውየውን መስደብ ነው። አስራ አምስት ዓመት እንዲህ ሠርቶ በአደራ በሰጠው ቁልፍ አንዲት ብሎን አልጎደለችበትም። እዚህም ያገሩን ልጅ አገኘ፣ አደራ አክሊሉ አለው፣ ቁልፉን በመዳፉ አስቀመጠለት፣ ሄደ።

አክሊሉ። ኤሌክትሪሻኑ አክሊሉ፣ የልደታው ልጅ፣ ሳቁ ከወዲያኛው ፎቅ የሚሰማው። ከማሉዲን ኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ወገቡ አልላወስ ብሎት ቤት በዋለ ጊዜ፣ ሚስቱ ሙፈሪያት እሱን እንዳያሳፍሩት ብላ ከልጆቹ ጋር በሹክሹክታ ስታወራ በሰነበተች ጊዜ፣ ማነው ደውሎ፣ ከማሌ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያውቅ ሰው ፈልገዋል፣ ካንተ በላይ ማን አለ፣ ያለው? እሱ። ክሬግ ፊት ይዞት ገብቶ፣ ሂ ኢዝ ማይ ብራዘር፣ ያለው? እሱ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓርቦች፣ አይ እነዚያ ዓርቦች፣ ሥራ ሲወጡ ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ያቺ ጠባብ ምግብ ቤት፣ አክሊሉ ዓርብ ይጾማል፣ ሥጋ ቢሆን ያንተ ሥጋ የኔ ሥጋ እየተባለ ሁለት ትሪ ይቀርብ ነበር፣ በጾም ግን በያይነቱ አንድ ትሪ ነው፣ እስላምና ክርስቲያን እጃቸው አንድ ሽሮ ላይ፣ አክሊሉ ቀይ ሥሩን እየገፋ ወደሱ ያስጠጋለታል፣ አንተ ነህ ደም የሚያንስህ እያለ። ያን ጊዜ ከማሉዲን ሚኒሶታን የወደዳት ይመስለዋል። እየጾመ እኮ ነው! ድንገት ይገባዋል፣ አራቱንም ዓርብ እየጾመ ነው የሰረቀው፣ ወተት አይነካም፣ ማሞቂያ ግን… ጉድ በል። ሊስቅ ይልና እንባው ይቀድማል።

ታዲያ ስሙን ልስጥ? ትናንት ማታ ራት ላይ ልጁ ሀይፋ፣ ዳድ፣ ጀስት ቴል ዘም፣ ኢትስ ኖት ዩር ፕሮብለም፣ አለችው፣ ስልኳን እያየች። ቀላል ነው ለሷ። እሷ ማሚትን አታውቅም።

ማሚት ጀሞ የቀን ሠራተኛ ነበረች፣ ቀጭን፣ ጥርሷ የማይከደን፣ የፎቅ ወለል ሲሞላ ባሬላ ይዛ ስትሮጥ ወንዶቹ ያፍሩ ነበር። ወለል የሚሞላ ዕለትማ ሠርግ ነው፣ ማታ ኢንጂነሩ ሁለት በግ ያሳርዳል፣ አንዱ ለክርስቲያን አንዱ ለእስላም፣ ቀኑን ሙሉ ባልዲው ከእጅ እጅ እየተቀባበለ ሲወጣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ የሲሚንቶው አቧራ ቅንድብ ላይ ተጋግሮ ሁሉም ሽማግሌ መስሎ፣ ማሚት፣ ከማል ሸበትክ! እያለች ስትስቅበት። ዛሬ በእውነት ሸብቷል፣ የሚስቅበት ግን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኞቹ የተሰባበረ ጣውላ ለማገዶ ይፈቀድላቸዋል፣ በሩ ላይ ቆሞ ሸክማቸውን የሚያየው እሱ ነው፣ አንድ ቅዳሜ የማሚት ሸክም መሬት ሲቀመጥ ኪል አለ፣ እንጨት ኪል አይልም፣ አንድ ፌሮ ነው፣ አንዲት ክንድ የማትሞላ፣ አየ፣ ማየቱን አየች፣ አሳለፋት። ሰኞ ኢንጂነሩ መጣ፣ ፌሮ ጎድሏል፣ በብዙ ጎድሏል፣ በኋላ ነው የታወቀው፣ በመኪና የሚያወጣው ራሱ ፎርማኑ ነበር፣ ያን ለት ግን ማን ያውቃል፣ ኢንጂነሩ ዓይኑን ከማሉዲን ላይ ተከለ፣ እስቶሩ ያንተ ነው፣ ወይ ስም ስጠኝ ወይ አንተን ለፖሊስ እሰጣለሁ። ፈራ። ማሚት አለ። እንዲህ ቶሎ ከአፉ የወጣ ነገር የለም። ስትባረር አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣ ለበሬ መቀርቀሪያ ነው አቶ ከማል፣ ማታ ማታ እየገፉብኝ ነው፣ አለችው። ከማል ትለው የነበረችው፣ አቶ ከማል።

ከዚያ ወዲህ ማለ። የሰው ስም ከአፌ አይወጣም፣ ቢቆርጡኝ። መሐላ መሐላ ነው፣ ዛሬም አይወጣም፣ ክሬግ ካባረረኝ ያባርረኝ፣ ወገቤ ይሰበር፣ ሻትሌን እነዳለሁ፣ ለፖሊስ ይስጠኝ… ለፖሊስ? እዚህ አገር? በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ስም፣ ሌባ ተብሎ፣ መስጊድ በር ላይ ጫማ ሲያወልቅ ሰው ጫማውን ከሱ ሲያርቅ?

መስኮቱ ኳኳ ይላል። አክሊሉ። ብርቱካናማ ሰደርያው ላይ አቧራ፣ ሁለት የሻይ ኩባያ ይዞ፣ አንዱን በመስኮቱ ያስገባለታል፣ ስኳሩን እንደሚወደው አድርጎ፣ ሦስት። ከማሌ፣ ይላል፣ ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወዲያ ወዲህ ያያል፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ ዛሬ ሲጠይቁህ ቁልፉ ከኔ ተለይቶ አያውቅም በላቸው፣ በቃ፣ ማስረጃ የላቸውም፣ ምንም አያደርጉህም። ማስረጃው እኔ ላይ ነው እኮ አክሊሉ። አይ፣ ይላል እሱ፣ ያስጠነቅቁሃል፣ ቢበዛ ሌላ ሳይት ያዛውሩሃል፣ እኔ ግን ላይሰንሴ ይነጠቃል፣ ልጆች አሉኝ ወንድሜ፣ ስሕተት ነው የሠራሁት፣ አውቃለሁ፣ ሁለተኛ አይደገምም፣ በእመቤቴ። ከማሉዲን ሻዩን ይዞ ፊቱን ያየዋል፣ የሚወደውን ፊት፣ እሺ ሊል ነው፣ እሺ አፉ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ አክሊሉ ግን አልታገሰም፣ ሌላ ጨመረ። እኔ ላንተ ምን ያላደረግሁት አለ፣ አለ፣ ጁምዓህ እንኳ እንዳያልፍህ የምታገልልህ እኔ አይደለሁም? ያን ለት ትኩሳት ይዞህ ዛሬስ አልችልም ስትል፣ ኧረ ሂድ፣ ጁምዓ አይለፍህ፣ እኔ አለሁ ብዬ፣ ጃኬትህን አልብሼ የላክሁህ ማን ነው?

ያ ለት።

ሦስተኛው ዓርብ ነበር። ድሪሎቹ። ከማሉዲን ያስታውሳል፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር፣ አክሊሉ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋለት፣ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ ዱዓ ሲያደርግለት፣ ያረቢ ይኼን ሰው ጠብቅልኝ እያለ፣ ቤት ገብቶ ለሙፈሪያት፣ አንቺ፣ ክርስቲያን ሆኖ ከኔ በላይ ለጁምዓዬ የሚጨነቅ ሰው አገኘሁ እኮ፣ ብሎ ሲያወራላት፣ እሷም አላህ ያቆይልህ ስትል። ለካ መንገድ እያስለቀቀው ነው። ለካ ሁለቱ ሰዓት ይፈለግ ነበር። ሽቦውን ውሰድ፣ ማሞቂያውን ውሰድ፣ የኩባንያው ነው፣ ኩባንያው ሌላ ይገዛል፣ ሶላቴን ግን፣ አክሊሉ፣ ሶላቴን እኮ ነው እንደ መጋረጃ የጋረድክበት። ቁጣ እንኳ አይደለም፣ ሐዘን ነው፣ ጥርት ያለ ሐዘን። ማሚት ለበሯ ነው የወሰደችው። ያኔ ስም ስጥ ሲባል የሰጠው የደካማዋን ነው፣ በመኪና የሚያወጣው ፎርማን በዚያው ሰሞን ምሳ እየጋበዘው ነበር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥፋቴ ስም መናገሬ ነው ሲል ኖረ፣ ጥፋቱ ማንን እንደተናገረ ነበር።

ሻዩን መልሶ በመስኮቱ ይሰጠዋል። ምነው፣ አልጣፈጠም? ይላል አክሊሉ። ጣፍጧል። በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ አክሊሉ ክንዱን ይይዘዋል፣ ከማሌ፣ ተማመንን አይደል? አክሊሉ፣ ይለዋል፣ አብረኸኝ ግባና አንተው ብትናገር ይሻልሃል፣ ከጎንህ እቀመጣለሁ፣ ወላሂ ከጎንህ እቀመጣለሁ። አክሊሉ ይስቃል፣ ያ ትልቁ ሳቅ አይደለም፣ አጭር፣ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ አበድክ እንዴ ሰውዬ? ክንዱን ይለቀዋል። ከማሉዲን ጠጠሩን እየረገጠ ይሄዳል፣ ዞር ቢል ሐሳቡን እንደሚለውጥ ያውቃል፣ ዞር አይልም።

ትሬይለሩ ውስጥ ይሞቃል፣ ክሬግ ብዕር ይዟል፣ ከኩባንያው የመጣች ሴትዮ ላፕቶፕ ከፍታለች፣ ቁልፉ ካንተ ሌላ ማን እጅ ገብቷል? አክሊሉ፣ ይላል ከማሉዲን፣ አራቱንም ዓርብ፣ ጁምዓ ስሄድ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ሳይን አላደረግሁም፣ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ደንቡን አውቃለሁ። ዛሬ ራሱ ስሕተት ሠራሁ ብሎ አምኖልኛል፣ ይላል። ሴትዮዋ ትጽፋለች። ክሬግ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍበት ይነግረዋል፣ ሥራው ግን አለ፣ አልተባረረም፣ አልሐምዱሊላህ ማለት አለበት፣ ይላልም፣ ደስታው ግን የለም፣ የት እንደሄደ እንጃ፣ በመስኮቱ ሲያይ የአክሊሉ ፒክአፕ ከሳይቱ እየወጣ ነው፣ ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ። ምሽት ስኔሊንግ ማንም አይጠብቀውም።

ክሬግ ደግሞ ሊያጽናናው ይፈልጋል፣ የዋህ ሰው ነው፣ ሰዓቱን ያይና፣ ዛሬም ዓርብ ነው አይደል፣ ስትሄድ ቁልፉን ለኔ ስጠኝ፣ እኔ ራሴ እጠብቅልሃለሁ፣ ይላል። እጁን ይዘረጋል። ከማሉዲን ቁልፉን ከኪሱ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ የክሬግን ትልቅ ቀይ መዳፍ ያየዋል፣ ይኼ ሰው ምንም አላደረገውም፣ ያውቃል፣ ስጠው እንጂ ይላል ለራሱ፣ ጣቶቹ ግን አይፈቱለትም። ኖ፣ ታንክ ዩ፣ ይላል፣ ዛሬ አልሄድም።

አስራ ሁለት ተኩል ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ወገቡን ታሞ ከተኛበት ዓመት ወዲህ ጁምዓ አልፎት አያውቅም፣ ሲያልፍ ቆሞ ያየዋል፣ እስቶር የሆነው ኮንቴይነር በር ላይ። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካርቶን ዘርግቶ፣ በቧንቧዎቹና በሽቦዎቹ መሀል፣ ብቻውን የቀትሩን ሶላት፣ ዙህር አራት ረከዓ ይሰግዳል፣ ግንባሩን ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ ግራ መዳፉ መሬቱ ላይ ይዘረጋል፣ ቀኙ ጭብጥ እንዳለ ነው፣ ቁልፉን ይዟል።