የኩባንች ፍንጭት

ጠፈርተኛው ኩባንች መንኮራኩሩ ወደ ምድር ሲመለስ አየር ላይ ነድዶ ከቀረ ሰባት ዓመት ሆነው። የሚቀበር አስከሬን አልመጣም። በናሪን ወንዝ ዳር ያለችው የትውልድ ከተማው ሐውልት ልታቆምለት ስትወስን፣ ታላቅ እህቱ ሳይራጉል ሥራውን እንድታይ ተጠራች።

ቀራፂው ቶክቶሱን እርጥቡን ጨርቅ ከሸክላው ላይ ገለጠው። ከንቲባው ግሩም ነው አሉ፤ የተከተሏቸውም ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳይራጉል ዞር ዞር ብላ አየችው። ጥርሱን የነከሰ፣ ቅንድቡን የቋጠረ፣ ሰማይ ላይ ያፈጠጠ ጎልማሳ ነው።

«ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች። «ፍንጭቱን እያሳየ የሚስቀው የኛ ኩባንች የታለ?»

ቶክቶሱን ከፋው። ጀግና አደባባይ ላይ ጥርሱን አያገጥጥም አላት። እሷም ሳትከራከረው በማግስቱ ለእራት ጠራችው፤ ጎረቤቶቿንም ጠራች።

ሥጋውና የተቀቀለው ሊጥ በትልቅ ትሪ ቀርቦ ሁሉም እጁን ሲሰድድ፣ ሽማግሌው ኦሮዝባይ ጀመሩ። ኩባንች ልጅ ሳለ አህያቸውን ሰርቆ ለፈረስ እሽቅድምድም ገብቶ ነበር። ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ሲደርስ፣ እንዳሸነፈ ሰው እጁን እያነሳ ሕዝቡን ሰላም ይል ነበር አሉ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ከጠፈር የደወለውን ቀን አስታወሰች። ከተማው በሙሉ ሲኒማ ቤት ተሰብስቦ ቁም ነገር ሲጠብቅ፣ እሱ እህቱን ፈልጎ ላሚቱ ወለደች ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አንቺስ ምን አልሽው?» አለ ቶክቶሱን።

«ወልዳለች፣ ቁርጥ አንተን፣ አልኩት» አለች ሳይራጉል። «ሲስቅ ተንሳፍፎ የመንኮራኩሩ ጣሪያ ጭንቅላቱን መታው።»

ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ ስትገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር እንጂ፣ ይህን ጨዋታ ፊቷ ያነሳ አልነበረም። አሁን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ቶክቶሱን መረቁ ትን አለው። ከሳሉ ሲመለስ፦

«እትዬ፣ ፍንጭቱ የቱ ጋ ነበር?» አላት።

ሳይራጉል አፏን ከፍታ አሳየችው። እሷም አላት። ሰው ሁሉ ረስቶት ኖሯል።

ቶክቶሱን የሸክላውን ፊት አፍርሶ እንደገና ሠራው። በፀደይ አደባባዩ ላይ መጋረጃው ሲወርድ፣ ኩባንች ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ፍንጭቱ እየታየ ይስቅ ነበር። ከንቲባው ንግግራቸውን እንደያዙ ቀሩ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ፍርፍር ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሕዝቡ በሙሉ ተከተለ። ሳይራጉል ወደ ሐውልቱ ቀርባ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው፤ እንግዳ ቤቷ የገባ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ቶክቶሱን ሥራ በዝቶበታል። ለዘመዱ መልኩ የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ የሚያሠራ ሁሉ ፎቶ ይዞ ይመጣና፣ የኛንም ሲስቅ አድርግልን ይለዋል። ዛሬ በኮረብታው መካነ መቃብር ድንጋይ ላይ ከተቀረጹት ኮስታራ ሽማግሌዎች መካከል ግማሾቹ ይስቃሉ።