ዝናብ በጠፋበት ዓመት የተጣለ ወይን ጠጅ

መቱ ላይ ወይን ለማብቀል የሞከረ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ነበር። ከቤቱ ጓሮ ባለው ተረተር ላይ ሁለት መቶ ግንድ አስተከለ፤ ዘሩን «ሲራ» ይለዋል። ጉድጓዱን የቆፈረለትና አገራረዙን የተማረው ዶሪ የሚባል ጎረምሳ ነው።

ኢሉባቦር ግን የዝናብ አገር ናት። ፍሬው ሚያዝያ ላይ ሊበስል ሲል ዝናቡ ይደርስና ዘለላው ሻግቶ ይረግፋል። ከተረፈው የሚጣለው ጠጅም ሆምጣጤ ነው። ሙሴ ያኒ በየዓመቱ እየሳቀ ይደፋዋል። በስልሳ ሰባት ቤቱ ሲወረስ አንዲት ሻንጣ ይዞ አገሩ ገባ። ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ዶሪና ሚስቱ ሻሽቱ ጓሮ ባለችው የዘበኛ ቤት ቀሩ፤ ዶሪም ማንም ያልፈለገውን ወይን መግረዙን አልተወም።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ዝናቡ ቀረ። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ ገባ፣ ሰማዩ እንደ ነሐስ ቀረ። የሶር ወንዝ ድንጋዩ ገጦ ታየ። ዶሪ ግንዱ ሥር ተንበርክኮ ያየውን ማመን አቃተው። ፍሬው ከአተር እምብዛም አይበልጥም፤ ግን ጥቁር ነው፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ሲነክሱት ከንፈር የሚያጣብቅ ጣፋጭ።

ከድርቁ ጋር ትል መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፍስሐ መርጫ ያዘለ ሠራተኛ አስከትሎ ወረደ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ዶሪ።

«የተባይ መድኃኒት። ይህ ሁሉ ንብረት በትል አይበላም።»

«ይቅርብዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይህን ሰው ነው የሚጠጣው። ትሉን እኔና ሻሽቱ በእጃችን እንለቅመዋለን።»

«መንግሥት የላከውን መድኃኒት መርዝ ነው የምትለው?»

«መርዝ ነው።»

ፍስሐ ሽጉጡን መዞ በሰደፉ አፉን መታው። ሁለት ጥርሶች ከደም ጋር ወደቁ። ዶሪ ተነሥቶ አልሸሸም፤ በሁለት የወይን መደዳ መካከል በጀርባው ተዘረጋ። ሠራተኛው ወደ ፍስሐ፣ ከዚያ ወደ ተዘረጋው ሰው አየና መርጫውን ከጀርባው አወረደ።

«እኔ ሰው ላይ አልረጭም» ብሎ ሄደ።

ፍስሐ ሳቀ። «እሺ ልቀም! አንዲት ትል ባገኝ ግን ወህኒ ትወርዳለህ።»

ባልና ሚስት ጎሕ ሲቀድ ጀምረው፣ ቅጠል በቅጠል እየገለበጡ ለቀሙ። ባለሱቁ ሸምሰዲን በሃይማኖቱ ጠጅ አይነካም፤ ግን የዶሪን ያበጠ አፍ ሲያይ፣ «ጋሼ ዶሪ፣ እኔ ባልጠጣውም ሥራዎን ዓይቻለሁ» ብሎ ከጎሬ አንድ ያረጀ የእንጨት በርሜል አስመጣለት። ፍሬውን ረገጡ፣ አጣሩ፣ በርሜሉን ከደኑ።

ኅዳር ላይ ዶሪ በጣሳ ቀድቶ ቀመሰው። ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሻሽቱ።

«ሙሴ ያኒ ለፍቶ ያጣው ይሄን ነበር።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። በዚያው ሳምንት በዋናው መንገድ ከወሎ የተጫኑ ሰፋሪዎች በካሚዮን ያልፉ ነበር፤ የልጆቻቸው አንገት ራሳቸውን መሸከም አቅቶታል። «አገር የፈጀው ድርቅ ለእኔ ይህን ሰጠኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር?»

ሻሽቱ የበርሜሉን ክዳን መልሳ ገጠመች።

ሰፈራውን ሊጎበኙ ከአዲስ አበባ ባለሥልጣናት መጡ። ፍስሐ በርሜሉን ወሰደና በድሮው የሙሴ ያኒ ሳሎን ምሳ አበላቸው። ዶሪ እንዲቀዳ፣ ሻሽቱ ጓሮ ሥጋ እንድትከትፍ ታዘዙ። ሽበታም ባለሥልጣን አንድ ጊዜ ተጎነጩና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሡ።

«ይህ ከውጭ የመጣ ነው እንዴ?»

«የእኛው ነው፣ ጓድ» አለ ፍስሐ ደረቱን ነፍቶ። «በዘመናዊ መድኃኒት፣ በሕዝቡ የጋራ ጉልበት።»

ባለሥልጣኑ ወደ ዶሪ ዞሩ። «እንዴት ነው የምትሠሩት፣ ወንድሜ?»

ዶሪ ዝም ማለት ይችል ነበር። «መድኃኒት አልነካውም» አለ። «ትሉን የለቀምነው እኔና ሚስቴ ነን። መድኃኒቱን እምቢ ስል ሊቀመንበሩ ይሄን አደረገኝ» ብሎ ከንፈሩን ገልቦ ድዱን አሳየ።

ፍስሐ ፈገግ ብሎ፣ «ጠጥቶ ነው» አለና ዶሪን በአንገትጌው ጎትቶ አወጣው። ግቢው ውስጥ በቡት ጎኑን ረገጠው፤ በሩ ላይ ከቆሙት ጥበቃዎች የአንዱን ጠብመንጃ ነጠቀና የዶሪን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በሰደፉ ቀጠቀጠው። «በዚህ እጅ ነው ትል የለቀምከው? በዚህ?» አጥንቱ ሲሰበር እስከ ሳሎኑ ተሰማ። ከእንግዶቹ ማንም አልተነሣም።

ሻሽቱ ከጓሮ ወጣች፤ አጥንት የምትከትፍበት ገጀራ በእጇ ነበር። አልጮኸችም። ፍስሐ ሰደፉን ለአራተኛ ጊዜ ሲያነሣ ክንዱን ከክርኑ በታች አገኘችው። ጠብመንጃውና እጁ አብረው ወደቁ። ፍስሐ ጉቶውን አቅፎ መሬት ላይ እየተንከባለለ ጮኸ። ሁለተኛ ልትደግም ስትል ጥበቃዎቹ ደርሰው እስክትስት ቀጠቀጧት።

አሥራ ሁለት ዓመት ተፈርዶባት ጎሬ ወህኒ ወረደች። ፍስሐ ከሐኪም ቤት እንደ ወጣ ወይኑን ከነሥሩ አስነቅሎ አቃጠለው። ዶሪ የቀኝ ጣቶቹ ደርቀው ቀሩ። በየቅዳሜው በግራ እጁ ስንቅ ይዞ ጎሬ ይወጣል፤ እሷም በሽቦው ማዶ፣ «በላህ ወይ?» ትለዋለች።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት መንግሥት ወደቀ። የወህኒው ጠባቂዎች ጥለው ሸሹ፤ ሻሽቱ በእግሯ መቱ ገባች። በሳምንቱ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ባዶ እጅጌው የተንጠለጠለ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ፍስሐ ነበር። ከወደ ገበያው የሕዝብ ጩኸት ይሰማል።

«እትዬ ሻሽቱ፣ በማርያም፣ ደብቂኝ! ሊገድሉኝ ነው።»

ሻሽቱ በሩን ሞልታ ቆመች። «አላስገባህም» አለችው። «አልጮህብህምም። በወንዙ በኩል ሂድ።»

ሮጠ። ወዲያው ዱላና ድንጋይ የያዙ ሰዎች ደረሱ። «አልፏል እንዴ?»

ዶሪ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው፤ «አላየነውም።»

ሰዎቹ ግን ዱካውን አላጡትም። ከሶር ድልድይ አጠገብ ደረሱበት፤ ጩኸቱ ቤት ድረስ ተሰማ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቆመ።

«ለምን ዋሸሽለት?» አለ ዶሪ። «ስድስት ዓመት ተኩል ዕድሜሽን የበላው እሱ አይደል?»

«የእኔን ድርሻ ያኔ ወስጃለሁ» አለች ሻሽቱ። «ሌላው ድርሻውን ሲወስድ እጄን አላስገባም።»

ዶሪ በግራ እጁ በሩን ቀረቀረና አጠገቧ ተቀመጠ። ሰዎቹ ከወንዙ እየዘፈኑ ሲመለሱ፣ አልፈው እስኪርቁ ሁለቱም በሩን አልከፈቱም።