የግራው መብራት አይነካም

ዓይናችሁ ደህና እያየ፣ «ዓይኔ ደክሟል» ብላችሁ ፈርሙ ብትባሉ ትፈርማላችሁ? አትቸኩሉ። ወንበር ላይ ተደላድሎ «በፍጹም!» ማለት ቀላል ነው። ወረቀቱ ግን በጥሩ ፊደል ተተይቦ፣ ማኅተሙ ከወዲሁ አርፎበት፣ የእናንተን ፊርማ ብቻ ሲጠብቅ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሥራችሁም በዚያች ፊርማ ላይ ሲንጠለጠል፣ እጃችሁ ምን እንደሚያደርግ እናንተም አታውቁም።

ጋሽ ዝግታም አያውቁም ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ነርሶች ናቸው። የሆስፒታሉን ሰርቪስ ሚኒባስ ሲነዱ እንቁላል የጫኑ ይመስላሉና፣ ተረኞቹ «ጋሽ ዝግታ፣ ዛሬ እንደርሳለን ወይስ ለነገ ተረኞች ነው የምንሆነው?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም «ሞታችሁ ከምትደርሱ ዘግይታችሁ ብትሰደቡ ይሻላል» ብለው መሪያቸውን ጨበጥ ያደርጋሉ።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ሐሙስ ገና ሳይነጋ፣ ለመንገድ ሥራ የተቆለለ ጠጠር ላይ የወጡት። ሰው አልሞተም። ከፊት የተቀመጠችው ነርስ ግን ክንዷ ተሰብሯል፤ የሚኒባሷም ፓራውልት ተጣሟል። ጋሽ ዝግታ ተረኞችን የሚሰበስቡት በማለዳ ስለሆነ ሚኒባሷ ድሮም የምታድረው እሳቸው ግቢ ነው። እስከ ሰኞ እዚያው ትቁም፣ ሰኞ ጠዋት በሠራተኛው ስብሰባ ላይ መኪናዋንም ወረቀቱንም ይዘው ይቅረቡ ተባለ። ወረቀቱ «አደጋው የደረሰው ዓይኔ በዕድሜ ምክንያት በመድከሙ ነው» ይላል። ከፈረሙ መንጃ ፈቃዳቸውን መልሰው በጡረታ ይሸኛሉ። ካልፈረሙ በቸልተኝነት ይባረራሉ። አለቆች ምርጫ የሚሉት ይህንን ነው፦ በየትኛው ጉንጭህ ልምታህ?

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። የቤት ዕቃ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቫርኒሽ ቀቢ ናት፤ ጥፍሯ ሥር የማይለቅ ቡናማ ቀለም አለ። ወረቀቱን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። አባቷ ጋዜጣ ዘርግተው የጨረታ ማስታወቂያ ያነባሉ፤ ያንን ጉንዳን የሚያክል ፊደል።

«አባዬ፣ መነጽርህ የት አለ?»

«የምን መነጽር? መነጽር አለኝ እንዴ?»

«የለህማ! ታዲያ ዓይኔ ደክሟል የምትለው በምንህ ነው?»

«ተይኝ ልጄ። ክምሩን አላየሁትም። አላየሁትም ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ይባላል?»

«ለምን አላየኸውም ይባላል።»

ጋሽ ዝግታ ጋዜጣውን አጠፉት። «መብራቱ አይደርስም። ዓመት ሙሉ ሦስት ጊዜ ጻፍሁላቸው። ሲገዛ ይቀየራል አሉኝ።»

ልጅቷ ከሚኒባሷ ፊት ሄዳ ቁጢጥ አለች። የሁለቱም የፊት መብራት ሽፋን የአጫሽ ጥርስ መስሏል። በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ፕላስቲክ ነው፤ ላዩን ፀሐይ አቃጥሎታል እንጂ ውስጡ ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ እሷ በቀን ስንቱን ታሻለች! ደሟ ፈላ። ሰኞ ሁለቱንም አጥርታ፣ «አንዲት ሴት በአንድ ቅዳሜ የሠራችውን እናንተ በሦስት ደብዳቤ አልሠራችሁም» ልትላቸው ቆርጣ የሥራ ቦርሳዋን አመጣች።

«የሰው ንብረት ነው!» አሉ እናቷ ከመስኮቱ። «ብታበላሺውስ?»

«እማዬ፣ እኔ የሰው ንብረት ሳሻሽ አይደል እንዴ የምውለው? ይልቅ ለስላሳ ጨርቅ ስጪኝ። ያ አሮጌ ፒጃማሽስ?»

«እሱማ የሙሽርነቴ ነው!»

«ሠላሳ ዓመት አለፈውኮ፣ እማዬ። ከአባዬ ሌላ የሚያስታውሰው የለም።»

«እሱም ረስቶታል» አሉ እናትየው፤ ፒጃማውን በመስኮት ወረወሩላት።

ከቀኙ ጀመረች። የመኪናዋ ቀለም እንዳይጫር ዙሪያውን በፕላስተር ሸፈነች። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ከሻካራው ተነስታ ወደ ልስልሱ፣ ሳትጫን በአንድ አቅጣጫ ፈተገችው። ቢጫ ውኃ በተጣመመው ፓራውልት ላይ ኮለል አለ። ሲደርቅ መብራቱ ወተት የተደፋበት መሰለ።

ጋሽ ዝግታ ወጥተው አዩትና ራሳቸውን ያዙ። «ገደልሽኝ! ቢያንስ ቢጫ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ታወረ!»

«ሥራ መሐሉ ላይ አስቀያሚ ነው፣ አባዬ። ቁም ሣጥንም እንደዚሁ ነው። ግባና ሻይህን ጠጣ።»

አልገቡም። ቆመው አዩ። በማጥሪያ ቅባትና በእናቷ ፒጃማ ክንዷ እስኪዝል ወለወለችው፤ በአልኮል ጠረገችው፤ መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከለውን ቫርኒሽ በስሱ ነፋችበት። ያ ካልተቀባ በጥቂት ወር ተመልሶ ያው ነው። ለምሳ ሲጠሩ የቀኙ አምፖል ከነሽቦው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ጋሽ ዝግታ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኸው ነው? ግማሽ ቀን?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ልጅቷ ሰምታው የማታውቀው ነገር ነበር።

ከምሳ በኋላ ወደ ግራው ዞረች። መጀመሪያ አቧራው እንዲለቅ ውኃ ደፋችበት። ብርጭቆ ወረቀቱን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። መብራቱ ጥርት ብሏል! ሳይነካ፣ ሳይፈተግ። ዓይኗን ጠረገች። ፀሐዩ ጠንካራ ነበርና ውኃው ከላይ ወደ ታች ደረቀ፤ እየደረቀ ሲሄድ ቢጫው እንደ መጋረጃ ተከትሎት ወረደ። እንደገና ደፋች። ጠራ። ጠበቀች። ደበዘዘ።

«አባዬ! ይኼን መኪና የሚፈትሽ ሰው የለም?»

«አለ እንጂ። የስምሪት ኃላፊው። ዓርብ ዓርብ ቅጹ ላይ ‹የፊት መብራት፦ ጥርት ያለ› ብሎ ይፈርማል።»

«የት ሆኖ?»

«ማጠቢያው ጋ ነዋ። አጥበን ስንጨርስ ብቅ ይልና...»

ወደ ባልዲው ዞረው አዩ። ልጅቷ ውኃ ደፋች። ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው መብራቱ ሲጠራና ሲደበዝዝ አዩት።

«እኔም» አሉ ጋሽ ዝግታ ቀስ ብለው፣ «ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ደህና ይመስለኛል። ገና ዋናው መንገድ ሳልደርስ ይጨልምብኛል። ጭጋግ ነው እል ነበር።» ጣታቸውን በሽፋኑ ላይ አሳለፉ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ለእናትሽም አልነገርኋት።»

ልጅቷ ብርጭቆ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። ዓመት ሙሉ! አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የገዛ ዓይኑን ሲጠረጥር፣ ሌላው እርጥብ ነገር እያየ ደረቅ ፊርማ ይፈርም ነበር። ሦስቱን ደብዳቤ አንብቦ መኪናዋ ስትደርቅ አንዲት ጊዜ ብቅ ማለት ምን ነበረበት? ጫማውን አቧራ እንዳይነካው ነው? እሷም ብትሆን በቁጣዋ ሁለቱንም አጥርታ፣ ያለውን አንድ ምስክር በገዛ እጇ ልታጠፋው ነበር።

«የግራው መብራት አይነካም» አለች። «ማንም አይነካውም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ጋራዥ ሜካኒክ መጣ። ጓደኞቹ «ብሎን» ይሉታል፤ አጭርና ጥብቅ ያለ ሰው ነው። ብብቱ ሥር ካርቶን ይዟል።

«ምነው፣ መኪናችሁ ትጠቅሳለች እንዴ?» አለ አንድ ዓይኗ የጠራውን ሚኒባስ ሲያይ። «በጥርስ ሳሙና ነው ያጠራችሁት?»

«የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው፣ ጋሽ ብሎን» አለች ልጅቷ። «ምንድን ነው የያዝከው?»

ብሎን መሬት መሬት አየ። «አዲስ የፊት መብራት። ጥንድ። የስምሪት ኃላፊው ነው የላከኝ። ‹ዛሬውኑ ይግጠሙትና አሮጌውን መልስልኝ፤ ከዚያ ፈርመው በሰላም ይሸኙ፣ የምስጋና ደብዳቤም እጽፍላቸዋለሁ› ብሏል።»

«ዓመት ሙሉ ያልተገዛው ሐሙስ መኪናው ሲጋጭ እሑድ ተገዛ?»

«እኔ ተላላኪ ነኝ፣ እህቴ። ልጆች አሉኝ።»

ጋሽ ዝግታ ካርቶኑን ተቀበሉ። አዲስ ዕቃ ይወዳሉ፤ መኪና ጎዶሎ ሆኖ ሲቆም ማየት ያማቸዋል። ልጃቸው እያየች ወደ መሣሪያ ሳጥናቸው ሄደው ካቻቢቴ አወጡ። ከግራው መብራት ፊት ተንበረከኩ። የመጀመሪያውን ብሎን ሁለት ዙር ፈቱ።

«አባዬ፣ አስቀምጠው።»

«ልጄ፣ በሰላም ልውጣ። የምስጋና ደብዳቤ ይጽፍልኛል ተብያለሁ።»

«ለምኑ ነው የሚያመሰግንህ? አላይም ስላልክለት? ነገ መንገድ ላይ የሚያገኙህ ሁሉ ክንድህን ይዘው ሊያሻግሩህ ነው። ትሻገራለህ?»

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ፦ «እኔስ? ዕውር ሰው ነው እንዴ ያገባሁት? መርጦ ያገባኝ መስሎኝ!»

ብሎን ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ዝግታ አልሳቁም። ካቻቢቴውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የፈቱትን ብሎን፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ መልሰው አጠበቁት። ካርቶኑን ሳይከፍቱ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ አስቀመጡና ቀበቶ አሰሩለት።

«ነገ ይህም ተሳፋሪ ነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ተጠርቶ ነበር። ጋሽ ዝግታ ግን ከልጃቸው ጋር መጥተው ሚኒባሷን ግቢው መሐል፣ ፀሐይ ላይ አቁመው ከአጠገቧ አልንቀሳቀስ አሉ። ሠራተኛው አንድ ሁለት እያለ ወጣ። ክንዷን በፋሻ ያንጠለጠለችው ነርስም መጣች። ጋሽ ዝግታ ሲያዩዋት አንገታቸውን ደፉ።

«ቀና ይበሉ ጋሼ» አለች። «ከፊት ነበርሁ። በእግሬ ብሄድ እቀድምዎት ነበር። ክምሩን እኔም አላየሁትም፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።»

የስምሪት ኃላፊው ማኅደሩን ይዞ ደረሰ። ቀኙ መብራት ጠርቶ ግራው ቢጫ እንደሆነ ሲያይ ብሎንን ገላመጠው።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ትርኢት ነው? ወረቀቱን ፈርመዋል?»

«አልፈረምሁም።»

«እንግዲያው ቅጹ ይመሰክራል!» ማኅደሩን ከፍቶ ለሠራተኛው አሳየ። «ዓርብ በዓርብ ተፈትሿል። ‹የፊት መብራት፦ ጥርት ያለ›። ፊርማዬ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ዓይን ነው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢው ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቀው ድምፃቸው ዛሬም ከፍ አላለም፤ ሰው ግን ለመስማት ጠጋ አለ።

«ኃላፊ፣ ጥርት ያለው ይኼ ነው?» አሉና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ በግራው መብራት ላይ ደፉ። መብራቱ ጠራ። ከኋላ ያሉት ጥበቃዎች አንገታቸውን አሰገጉ። «ማጠቢያው ጋ ያዩት ይኼንን ነው። አሁን አብረን እንጠብቅ። እኔ ዝግታ ነኝ፤ መጠበቅ እችላለሁ።»

ፀሐዩ ሥራውን ሠራ። ቢጫው ከላይ ጀምሮ ወረደ፣ መብራቱን ሸፈነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ወይ ጉድ!» አለች። ጋሽ ዝግታ በሩን ከፍተው ቀበቶ የታሰረውን ካርቶን አወጡና መሬት ላይ፣ ከኃላፊው ጫማ ፊት አስቀመጡት።

ኃላፊው ማኅደሩን ዘጋ። «ይኼ የቢሮ ጉዳይ ነው። ይምጡ፣ ውስጥ እንነጋገር።»

«ውስጥ አልገባም።» ያልተፈረመውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው በቢጫው መብራት ላይ ለጥፈው ያዙት። «ዓይኔን ውስጥ ሆነው አይደለም ያሳወሩት፤ ለሰው ሁሉ ሊያስነብቡ ነበር። እኔም የምጠይቅዎ እዚሁ ነው። የሲስተር ክንድ እያየ፣ ሠራተኛው እየሰማ ይመልሱልኝ፦ እኔን በደረቅ መንገድ ሲልኩኝ፣ መብራቴን በእርጥቡ የፈረሙልኝ ለምንድን ነው? ይናገሩ! እየሰማን ነው።»