የምሥራች መኪና

ልጄ ፈሪድ ያቺን ኮሮላ ግቢያችን ካስገባት ጀምሮ የረጋ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። የሌላ ሰው ልጅ ጫት ሲይዝ፣ መጠጥ ሲይዝ አባቱ ይጨነቃል፤ የኔው መፍቻ ይዞ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተንጋሎ ይውላል። ፈሪድስ ብለው ሲጠይቁኝ «ደህና ነው፣ መኪና ሥር ነው» እላለሁ።

እኔ ዘካሪያስ ዕድሜዬን በተሳቢ ላይ የፈጀሁ ሾፌር ነኝ። የግራካሕሱን ዳገት በጭነት ስወጣ ስወርድ ጸጉሬ ሸብቷል። ስለ መኪና አንድ ነገር ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ስለ ፍሬን ነው። ሞተር እምቢ ቢልህ መንገድ ዳር ትቀራለህ። ፍሬን እምቢ ሲልህ ግን የምትቀርበትን ቦታ አንተ አትመርጠውም።

ፈሪድ በሥራ ቀን የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል፤ ትርፍ ጊዜው በሙሉ የመኪናዋ ነው። መጀመሪያ ሞላዋን ቆርጦ መሬት ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ አደረጋት። «ምነው፣ ከሥሯ ዶሮ እንዳይገባ ነው?» ብዬ ሣቅሁበት። ቀጥሎ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ በየደባት፤ ከዚያ ወዲህ ስትነሳ የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል። እንድትቀል ብሎ የኋላ ወንበሯን ነቀለው፤ አሁን ባለቤቴ ኡሙልኸይር በረንዳ ላይ ምስር ትለቅምበታለች። በመጨረሻ ጎማው የሚታሰርበትን ቸርኬዋን ቀየረ። የድሮው ድፍን ነበር። አዲሱ እጅ ሙሉ የሚያስገባ ክፍት ስለሆነ፣ ፍሬኑ ነክሶ የሚያቆመው ክብ ብረት ከውስጥ ወለል ብሎ ይታያል። ያንንም እንደ መስተዋት ወለወለው።

እኔ ምላሴ አያርፍም። አንዱን ነገር በጨረሰ ቁጥር «ይቺ ቆርቆሮ አንድ ቀን ታዋርድሃለች» እለው ነበር። እሱ ብሎኑን ማጥበቁን ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምሥራች ነው። በእኛ ቤት ወግ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አንድ ፈረሰኛ ቀድሞ ይጋልብና ለወንዱ ቤት «መጣችላችሁ» ይላል። ቀድሞ የደረሰውን የሙሽራው እናት ራሱን ቅቤ ትቀባዋለች፤ ስሙም ዓመቱን ሙሉ ሲነሳ ይኖራል። ፈረሱ ቀርቶ ዛሬ በመኪና ሆነ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሠርግ በዛ፣ እሽቅድምድሙም በዛ። የዛሬው ሙሽራ የፈሪድ ጓደኛ ካሊድ ነው፣ የዋጃ ልጅ፤ ሙሽራይቱ የጎብዬ ናት። ቆቦ መሐል ላይ ነን። ከጎብዬ ተነስቶ ቆቦን ሰንጥቆ ዋጃ ቀድሞ ለመግባት ፈሪድ ስንት ወር ሙሉ ያቺን መኪና ሲፈታ ሲገጥም ከረመ።

የሠርጉ ዕለት ጧት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ግቢው ጭር ብሏል። ኡሙልኸይር ያንን የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጣ ባዶ ጣሳ በጣቷ ትጠርጋለች።

«ፈሪድ ሄደ?» አልኋት።

«ሄደ። መርቄ ቀብቼ ሸኘሁት።»

«ራሱን ቀባሽው?»

«ራሱንም መኪናዋንም። አባቴ ለምሥራች ሲወጣ እናቴ ፈረሱን ትቀባው አልነበር? መጀመሪያ ግንባሩን፣ ከዚያ አራት እግሩን። እንዳይደናቀፍ ነው።»

ሣቅሁ። «መኪና ደግሞ ምን እግር አለው?»

«አለው እንጂ። ጎማው አፈር ነው፣ ቅቤዬ ለምን ይባክናል ብዬ በዚያ ክፍት ክፍቱ እጄን አስገብቼ ውስጥ ያለውን የሚያብረቀርቀውን ብረት አጥግቤ ቀባሁት። ልብሱን ሲለብስ ነው ታዲያ፤ ቢያየኝማ መች እሺ ይለኛል።»

ፍሬን ማለት ሸራ የምንለው መያዣ ያንን ብረት ነክሶ ማቆሙ ነው። ቅባት የጠጣ ሸራ አይነክስም፣ ያንሸራትታል። የኋላው ፍሬን ድፍን ስለሆነ ቅቤ አይደርስበትም፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ግን የፊቱ ነው። ልጄ ያንን መንገድ በዚያ ፍጥነት ሊበር የወጣው በግማሽ ፍሬን፣ ምናልባትም ከግማሽ ባነሰ ነው።

«ምነው፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ።

«ለቅሶው ነው» አልኋት። ምን ልበላት? ልጅሽን በገዛ እጅሽ ልትገይው ነው ልበላት?

ከግቢው ወጥቼ ደወልሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልሁ። በዚያ ቱቦ ጩኸት ማን ስልክ ይሰማል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ መጽናኛ አልነበረም እንጂ። ሙሽራይቱ ቤት አጠገብ ሻይ ቤት ላላት ለሰልዋ ደወልሁ።

«ሙሽራዋ ልትወጣ ነው ጋሼ» አለችኝ። ከጀርባዋ ጭብጨባና እልልታ ይሰማል። «የምሥራቾቹ ልጆች ሞተር አስነስተው ቆመዋል።»

«ፈሪድን ጥሪልኝ። ቶሎ በይ፣ አደራ።»

ስልኩን እንደያዘች ስትሮጥ ይሰማኛል። ከዚያ ሞተሮቹ አንድ ላይ አጓሩ። ተመልሳ ስትናገር ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ወጡ ጋሼ። አቧራው ነው የቀረኝ። እሱን መሐላቸው አልለየሁትም።»

የመንደራችን ልጅ አብርሃም ባጃጁን ይዞ ሲያልፍ አስቆምሁትና ወደ ጎብዬ መውጫ ንዳ አልሁት። መንገድ ላይ ነገሩን ነገርሁት። ወሬ አያበዛም፤ ጥቂት ካሰበ በኋላ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«እና እርስዎ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አስፋልቱ ላይ ቆሜ አስቆመዋለሁ።»

«ፍሬን የሌለውን መኪና ፊቱ ቆመው?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። እጄን ባነሳ ፈሪድ እኔን ሲያይ ፍሬን ይረግጣል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ርግጫ እሱ ሊሆን ይችላል። ከረገጠና ካልያዘለት ወይ እኔን ይገጫል፣ ወይ ሊያድነኝ ሲል ይገለበጣል። ዝም ብዬ ባሳልፈው ደግሞ ወደ ከተማው ይገባል። የገበያ ዳር ነው፤ ሰው፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከትምህርት ቤት ሜዳ የሚወጣ ልጅ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው። እንዲህ ቢሉት ሞት፣ እንዲያ ቢሉት ሞት።

«አልፈህ ሂድ» አልሁት አብርሃምን። «ቤት እስኪያልቅ ሂድ።»

ማሽላው የታጨደበት ለጥ ያለ ማሳ ጋ ስንደርስ ወረድን። እዚህ ካልያዘለት ማሳው ውስጥ ይግባ፤ የቀረው አገዳ ይይዘዋል ብዬ ነው። መካሪ የለኝ፣ ጊዜ የለኝ፣ ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም። አብርሃም ባጃጁን ከመንገድ አውጥቶ አቆመና ቀይ ፎጣ አቀበለኝ። ከፊታችን አንድ አፋር ግመሎቹን እየነዳ ወደ አስፋልቱ ይቀርባል። «ያዝልን፣ መኪና እየመጣ ነው» ብለን ጮህንበት። በዱላው አስፋልቱን አሳየን፤ እስካሁን ምንም የሚመጣ የለም። ግመሎቹ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ መሻገር ጀመሩ። እንደዚያ ቀን ግመል ጠልቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ግመል እንደተሻገረ የመጀመሪያው መኪና መጣ። ቀይ ቪትዝ ነው፣ አበባ የታሰረበት፤ እየጮኸ በአጠገባችን አለፈ። ፎጣዬን ዝቅ አደረግሁ። ሁለተኛው ፒክአፕ ነው፤ ከኋላው የተጫኑት ልጆች እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ሌሎችም አለፉ። የፈሪድ ግን የለችም።

ይህ ነው ያስፈራኝ። ያቺ መኪና የተሠራችው ለመቅደም ነው። ፈሪድ ከሌሎቹ ኋላ ሊሆን የሚችልበት ምክንያት ፈለግሁ፤ ከአንድ ነገር በቀር አላገኘሁም። ጎብዬና ቆቦ መሐል ያለውን መታጠፊያና ድልድይ ሁሉ በሐሳቤ ሄድሁበት፤ በየአንዱ ላይ ልጄን ወድቆ አየሁት። ያ ረቢ፣ እግሩን ውሰድ፣ እጁን ውሰድ፣ ነፍሱን ተውልኝ እያልሁ ስለምን ራሴን ሰማሁት፤ ለካ ጮክ ብዬ ነው። አብርሃም ፊቱን አዞረልኝ።

ስልኬን እንደገና ሞከርሁ። ይጠራል፣ አይነሳም።

የሙሽራዋ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ መጡና አለፉ። ሚዜዎቹ ከመስኮት ወጥተው ይዘፍናሉ። አንዳቸውም ገደል የገባ መኪና አይተው የመጡ አይመስሉም። ወይስ ሠርግ እንዳይበላሽ ደብቀውት ነው? ይህንንም አሰብሁ። የፈራ ሰው የማያስበው የለም። አስፋልቱ ባዶ ሆነ፤ ባጃጁ ላይ ተደገፍሁ።

ያን ጊዜ ቱቦው ተሰማኝ። ያ ስሰድበው የኖርሁት ጩኸት አሁን ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ውጦ ነው የሚመጣው። ፈሪድ የመንገዱን ዳር ይዞ በጋሪ ፍጥነት ይነዳል። ሲያየኝ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበና አልፎን ጥቂት ሄዶ ቆመ።

ሮጥሁ። ላቅፈው ነበር የሮጥሁት፤ ስደርስ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ስልክ ለምንድን ነው የማታነሳው?»

ከመኪናዋ ወርዶ መሬት መሬት አየ። «አየሁት አባ። ሁሉንም አየሁት። ሰው ነግሮህ ልትሰድበኝ መስሎኝ ነው። አላልሁህም፣ ይኸው አዋረደችህ ልትለኝ።»

ልጄ ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ የአባቱን ስልክ ያየዋል፤ የፈራው ግን ሞቱን አይደለም፣ የኔን ምላስ ነው። ብዙ ነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ የቆረጠኝ የለም።

ነገሩን ነገረኝ። ጧት ሲሄድ ጎብዬ መግቢያ ላይ ከፊቱ የአህያ ጋሪ ገባበት። ፍሬን ሲረግጥ መኪናዋ ዝም ብላ ሄደች። በእጅ ፍሬን አዳናት፤ ከጋሪው የቀራት አንድ ክንድ አይሞላም። ወርዶ ጎማውን ሲያይ ብረቱ ወዝቷል።

«አሸተትሁት» አለኝ። «አደስ አደስ ይላል። የእማ የራስ ቅቤ ነው። ብረቱን ጠረግሁት፣ ሸራው ግን ጠጥቶታል።»

«ለልጆቹ ምን አልሃቸው?»

«ሞተሩ ሞቀብኝ አልኋቸው። ሣቁብኝ። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም አሉኝ።» አፉን በእጁ ጠረገ። «እማ ቀብታው ነው ብል ሠርጉ ሁሉ በሷ ሲሥቅ ይከርማል። ለሷም እንዳትነግራት አባ። ከዛሬ ወዲያ ስወጣ ስገባ እንቅልፍ አትተኛም።»

«አልነግራትም» አልሁት። የዚያ ሁሉ ወር ድካሙ ከንቱ ቀርቶ፣ በሁሉም ተቀድሞ፣ ለእናቱ ሲል ተሥቆበት ነው የመጣው። እኔ ይህን ልጅ መኪና እንጂ ሰው አያውቅም ስለው ኖሬአለሁ።

አብርሃምን አመስግነን ሸኘነውና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች መኪና ውስጥ ተቀመጥሁ። እስከ ቤት በሁለተኛ ማርሽ ሄድን። ግቢ እንደገባን ክሪክ አስገብተን የፊት ጎማዎቹን አወጣን። እሱ ብረቱን በቤንዚን ሲያጥብ እኔ እሱ ያስቀመጣቸውን የበፊቱን ሸራዎች ከጓዳ አመጣሁ። እኔ ይዤ እሱ አጠበቀ፤ የሠራውን ሥራ ያን ዕለት ነው በቅርብ ያየሁት። አንድ የላላ ብሎን ፈልጌ አጣሁ።

ኡሙልኸይር ከበረንዳው ወረደች። «ምነው ተመለሰ? ምን ሆነባችሁ?»

«ሸራው አልቆ ነው እማ» አለ ፈሪድ ቀና ሳይል። «አሁን ቀየርነው። ሠርጉ ላይ እደርሳለሁ።»

«ሸራው አልቆ በሰላም ገባህ?» እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ። አየህ፣ ቅቤው ነው ያተረፈህ።»

እሷ ጓዳ ገብታ በጣሳው ሌላ ቅቤ ይዛ ወጣች። መንገዱ ገና ነው፣ ያኛው ታጥቦ ሄደ ብላ ከፊት ጎማው አጠገብ ጎንበስ ስትል ፈሪድ አየኝ።

«አምጪው፣ እኔ ልቀባት» አልኋት።

ቀና ብላ ታዘበችኝ። «አንተ? ቆርቆሮ ስትላት ከርመህ?»

ጣሳውን ከእጇ ወስጄ ቅቤውን በጣቴ ዛቅ አደረግሁና ኮፋኖዋን መሐል ለመሐል ቀባኋት። በሰላም ውለሽ በሰላም ግቢ አልኋት፤ ልጄን ደህና አድርገሽ አምጪልኝ አልኋት። ፈሪድ በሩን ይዞ ቆሞ ይሰማኛል።

«እግሯንስ?» አለች ኡሙልኸይር።

«እግሯን መነካት አትወድም።»

«በምን አወቅህ?»

«የልጄ መኪና አይደለችም እንዴ? ጠባይዋን አውቃለሁ።»

ፈሪድ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ነዳና ከፊቱ ማንም ሳይኖር ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔን ሊያሳየኝ መሆኑ ገባኝና በእጄ ሂድ አልሁት።